አሥራ አምስት ሰዓት ከሲስተር ዳና ጋር

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፊልም ከሚጭኑ ሱቆች በአንዱ፣ «ዘ ፒት» የተባለውን የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ የመጀመሪያ ሲዝን ባለ 32 ጊጋ ፍላሽ ላይ አስጭኜ ወደ ቤቴ የሄድሁት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ያነሣሣኝ የድራማው ዝና አልነበረም። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ወጣት ነርስ «ሲስተር፣ የእርስዎ እኩያ ተሸለመች እኮ» ብላ በስልኳ ያሳየችኝ ፎቶግራፍ ነው። በፎቶግራፉ ላይ የነበረችው ካትሪን ላናሳ ናት። በዚህ ድራማ ነርስ ሆና በመተወኗ በድራማ ዘርፍ የምርጥ ረዳት ተዋናይት የኤሚ (የአሜሪካ ቴሌቪዥን) ሽልማትን መስከረም 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ማለትም በፈረንጆች ሴፕቴምበር 14 ቀን 2025፣ ስትቀበል 58 ዓመቷ ነበር። እኔ ጡረታ ልወጣ 2 ዓመት የቀረኝ ነርስ ስለሆንሁ፣ ወጣቷ ስለ ዕድሜው አልተሳሳተችም።

ላናሳ ከ30 ዓመት በላይ በቴሌቪዥንና በፊልም ስትሠራ የኖረች ተዋናይት ናት። ሆኖም ተመልካች መልኳን እንጂ ስሟን ከማያውቃቸው፣ የአንዱ ሚስት ወይም የሌላው እናት ሆነው ከሚያልፉት ተዋንያን መካከል ነበረች። በፈረንጆች 2023 የጡት ካንሰር ታክማ እንደዳነች ራሷ በአደባባይ ተናግራለች። የነርሷን ሚና ያገኘችው ከዚያ በኋላ ነው። ለኤሚ ስትታጭም የመጀመሪያዋ ነበር። ይህን ታሪክ ያነሣሁት ለማዘን ወይም ለማድነቅ አይደለም፤ ስለ ትወናዋ ከምሰጠው አስተያየት ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት ስላለው ነው።

ድራማው የሚካሄደው በፔንሲልቬንያ ግዛት፣ በፒትስበርግ ከተማ ባለ አንድ የፈጠራ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነው። ሲዝኑ 15 ክፍሎች ሲኖሩት፣ እያንዳንዱ ክፍል የአንድ ተረኛ ቡድንን የአንድ ሰዓት ሥራ ይይዛል። በእኛ ሰዓት ከጧቱ 1 ሰዓት ይጀምርና ምሽት 4 ሰዓት ላይ ያበቃል። መጀመሪያ ለዕይታ የበቃው ጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ዋናውን ሐኪም ዶክተር ሮቢን ሆኖ የሚተውነው ኖአ ዋይሊ ሲሆን፣ በፈረንጆች 1994 በጀመረው «ኢ አር» በተባለው የሆስፒታል ድራማ ላይ ወጣት ሐኪም ሆኖ ያየነው ሰው ነው። ላናሳ በተሸለመችበት ምሽት እርሱም የምርጥ ዋና ተዋናይን፣ ድራማውም የምርጥ ድራማን ሽልማት ወስደዋል። ስለ ዋይሊ ትወና የምለው የለም፤ የሚገባውን አግኝቷል። የእኔ ጉዳይ ከነርሶቹ ዴስክ ጋር ነው።

ዴስኩ ላይ ያለችው ዳና ኢቫንስ የተረኛ ነርሶች ኃላፊ ናት። በድራማው ውስጥ ሁሉም በስሟ ብቻ ይጠሯታል። እኛ ዘንድ ብትሆን ግን ከጽዳት ሠራተኛው እስከ ሜዲካል ዳይሬክተሩ «ሲስተር ዳና» መባሏ አይቀርም ነበር። (ወንድ ነርስ ጋዋን እስከለበሰ ድረስ ለምን «ዶክተር» እንደሚባል ሌላ ጊዜ እንነጋገርበታለን።) ድንገተኛ ክፍል ያልሠራ ሰው የዚህችን ሴት ሥራ በቀላሉ አይረዳውም። ሐኪሙ የሚያየው ፊቱ የተኛውን በሽተኛ ነው። ኃላፊዋ ነርስ ግን የትኛው አልጋ እንደተለቀቀ፣ የትኛው በሽተኛ ተኝቶ መታከሚያ ክፍል ቦታ አጥቶ መተላለፊያው ላይ እንደሰነበተ፣ የትኛው ተማሪ ሐኪም እጁ መንቀጥቀጥ እንደጀመረ፣ የትኛው አስታማሚ ድምፁን ከፍ እያደረገ እንደሄደ፣ አምቡላንሱ ከየት ምን ይዞ እየመጣ እንደሆነ በአንድ ጊዜ በጭንቅላቷ ይዛ ትውላለች። ይህን ሁሉ ይዛ ደግሞ ምንም እንዳልያዘች መምሰል አለባት፤ ምክንያቱም እርሷ የደነገጠች ዕለት ክፍሉ በሙሉ ይደነግጣል።

ላናሳ ይህን ሥራ በንግግር ለማስረዳት አትሞክርም። ለአንዱ መልስ እየሰጠች ሰውነቷ ወደ ሌላው መዞር ጀምሯል። ስልክ ስታናግር ዓይኗ በሩ ላይ ነው። አንዲት ወጣት ሐኪም ተሳስታ ስትገኝ ከሰው ፊት አትገሥጻትም፤ ነገር ግን ያ ስሕተት መታየቱን ወጣቷም እኛም እናውቃለን። በልጅነቷ የባሌ ዳንስ የተማረችና የደነሰች ሴት መሆኗን ካወቅሁ በኋላ አቋቋሟን ይበልጥ አስተዋልሁ። የነርስ ጀርባ 8 ሰዓት ሙሉ ከቆመች በኋላ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ነርስ መሆን ያስፈልጋል ብዬ አምን ነበር። ለካ ዳንሰኛም ያውቀዋል። ጧት 1 ሰዓት ላይ ቀጥ ብላ የምትራመደው ዳና ከሰዓት በኋላ ክብደቷን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማዛወር ትጀምራለች፤ ማንም ስለ ድካም አንዲት ቃል ሳይናገር ድካሙ ይገባናል።

የ28 ዓመት ተዋናይት፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆን፣ ይህን ልትሠራው አትችልም ባይ ነኝ። ዳና የምትጠቀምበት ሥልጣን በወረቀት የተሰጣት አይደለም፤ ብዙ ሌሊት አድራ፣ ብዙ ሬሳ ገንዛ፣ ብዙ ወጣት ሐኪም አሠልጥና ያገኘችው ነው። ላናሳም ለሠላሳ ዓመት የሌሎች ታሪክ ዳር ቆማ ስትሠራ ያካበተችው አንድ ነገር አለ፤ ካሜራው እርሷ ላይ ባይሆንም ሥራዋን አታቋርጥም። ከፊት ሁለት ሐኪሞች ሲከራከሩ፣ ወደ ኋላ ብታዩ ዳና አንድ ነገር እያስተካከለች ነው። የእኛ የነርሶች ኑሮ ራሱ እንደዚያ ነው።

ነርስ ሆነው ስለተሸለሙ ተዋናይት ሴቶች ካነሣን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ሉዊዝ ፍሌቸር ልጆቿን ለማሳደግ ከሙያው ለዓመታት ርቃ ቆይታ ከተመለሰች በኋላ በፈረንጆች 1976 ኦስካር ያስገኘላት ሚና፣ የአእምሮ ሕሙማንን በፍርሃት አሥራ የምትገዛ ርኅራኄ የሌላት ነርስ ነበር። ጁሊያና ማርጉሊስ በፈረንጆች 1995 በዚያው በ«ኢ አር» ኤሚ ስታገኝ፣ የነርሷ ታሪክ ከመልከ መልካሙ ሐኪም ጋር ባለው ፍቅር የታጀበ ነበር። ኢዲ ፋልኮ በፈረንጆች 2010 ኤሚ የተሸለመችው የመድኃኒት ሱሰኛ ነርስ ሆና ነው። አንዷ ጨካኝ፣ አንዷ አፍቃሪ፣ አንዷ ሱሰኛ። ሦስቱም ድንቅ ትወናዎች መሆናቸውን አልክድም፤ ነገር ግን ነርስ በተመልካች ዘንድ እንድትታይ ከነርስነቷ ውጪ ሌላ ነገር ሊታከልላት ይገባ የነበረ ይመስላል። ዳና ሲጋራ ከማጨሷ በቀር ምንም ልዩ ነገር የላትም። ባለትዳርና የልጆች እናት ናት፤ ሥራዋን ታውቃለች፤ ትሠራለች። ላናሳ የተሸለመችው ለዚህ ነው፤ እኔም ይህን ግምገማ ለመጻፍ የተነሣሁት ለዚሁ ነው።

አሁን ስለ ሱቁና ስለ ፍላሹ ልናገር፤ ምክንያቱም ድራማውን ያየሁበትን መንገድ የቀየረው የሱቁ ስሕተት ነው። ሱቁን በስም አልጠራውም። ለሙሉ ሲዝኑ 100 ብር ከፍያለሁ፤ ምስሉ ጥራት ያለው ነው፤ ድምፁም ንጹሕ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈው የግርጌ ጽሑፍ ግን በ4ኛውና በ5ኛው ክፍል ከንግግሩ ሦስት ያህል ሴኮንድ ይዘገያል፤ ሐኪሞቹ ደግሞ እንደ ገደል ውኃ ያለማቋረጥ ስለሚናገሩ፣ የሞተው በሽተኛ ገና እየዳነ እንደሆነ የሚነበብበት ጊዜ ነበር። የአማርኛ ትርጉም የለውም። እንዲህ ያለው ቅጂ ለባለቤቶቹ አንዲት ሳንቲም እንደማያስገባ አውቃለሁ፤ በዚህ የምኮራ አይደለሁም፤ በሕጋዊ መንገድ የሚገኝበት ሁኔታ ቢኖር ገዝቼ ባየው እመርጥ ነበር።

ዋናው ስሕተት ግን ሌላ ነው። ሁለተኛው ቅዳሜ እኔ፣ ያቺ ወጣት ነርስና የጎረቤቴ ልጅ ተሰብስበን 8ኛውን ክፍል ጨረስን። ቶናው እየተቀዳ «9» የሚለውን ፋይል ከፈትን። ምስሉ እንደመጣ ዳናን ፊቷ ተመትቶ አየናት። የሆነውን አላየንም፤ ድራማው ሆን ብሎ የዘለለው መሰለን።

«አስታማሚ ነው የመታት» አለች ወጣቷ ነርስ፣ ስኒውን እንደያዘች።

«የለም፤ ብዙ ሰዓት ተራ የጠበቀ ሰው ነው» አልሁ።

የጎረቤቴ ልጅ የምሕንድስና ተማሪ ነው። ሁለታችንንም በየተራ ተመለከተና «እንዴት አወቃችሁ?» ብሎ ጠየቀን። መልስ አልሰጠነውም። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ድራማው ራሱ መለሰለት፤ የመታት ዳግ ድሪስኮል የተባለ፣ ደረቱን አሞት ከጧት ጀምሮ ተራ ሲጠብቅ የዋለ በሽተኛ ነበር። «10» የሚለውን ስንከፍት ያው ክፍል ተደገመ። ባለ ሱቁ አሥረኛውን ክፍል ሁለት ጊዜ ጭኖ፣ አንዱን ዘጠነኛ ብሎ ሰይሞት ኖሯል።

ሰኞ ከሥራ ስወጣ ፍላሹን ወሰድሁለት። «ማዘር፣ ዘጠነኛው አለ እኮ» ብሎ በመጀመሪያ ተከራከረኝ። ከፍቶ ሲያየው ግን ሣቀና፣ «በቃ ይቅርታ፣ ፋይሉ ተምታቶብኝ ነው» ብሎ ትክክለኛውን ያለ ክፍያ ጫነልኝ። ሻይ ልጋብዝዎት ማለቱንም መዝግቡለት። ስሕተቱን ለማረም የፈጀበት ጊዜ ከ10 ደቂቃ አይበልጥም። ይህ ለአንድ አገልግሎት ሰጪ መጥፎ ውጤት አይደለም፤ የተሻለው ግን ከመጀመሪያው ከፍቶ ማየት ነበር።

በዚህ አጋጣሚ 9ኛውን ክፍል ያየሁት የሚሆነውን አስቀድሜ እያወቅሁ ነው፤ አሁን ሳስበው እንዲህ በማየቴ አልከፋም። ዳና ከውጭ አምቡላንስ በሚቆምበት ቦታ ሲጋራዋን ልታጨስ ስትወጣ፣ ከጧት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ይወርዳል። ላናሳ በዚያች አጭር ጊዜ ሥራ የፈታ ሰውነት ምን እንደሚመስል ታሳየናለች። ቡጢው የሚያርፍባት ያን ጊዜ ነው። ሰውዬው መትቷት ይሄዳል። ነገሩ ተራ ሆኖ መታየቱ ነው የሚያስደነግጠው፤ ድራማው ከሞላ ጎደል የማጀቢያ ሙዚቃ ስለሌለው፣ አልቅሱ ወይም ተቆጡ ብሎ የሚያዝዘን ድምፅ የለም።

ከብዙ ዓመት በፊት፣ ጎጃም ውስጥ በሠራሁባቸው ቦታዎች በአንዱ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ የአንድ ሕፃን አባት በጥፊ መታኝ። ልጁ ከፍተኛ ትኩሳት ነበረው፤ ሪፈር ተጽፎለት አምቡላንሱ ግን ከሄደበት አልተመለሰም። አባትየው ከቆላ በትከሻው ተሸክሞት ነው የመጣው፤ እግሩ አቧራ እንደለበሰ ነበር። ማንን ይምታ? ሐኪሙ ሌላ ክፍል ነው፤ አምቡላንሱ መንገድ ላይ ነው፤ ፊቱ ያለሁት እኔ ነኝ። ጉንጬን በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቤ ተመልሼ የልጁን ግንባር በርጥብ ጨርቅ አበረድሁ። ሲነጋ በርክክብ መዝገቡ ላይ የልጁን ትኩሳት በየሰዓቱ ጻፍሁ፤ ጥፊውን አልጻፍሁም።

ይህን የማነሣው ላናሳ ከቡጢው በኋላ ባሉት ክፍሎች የምትሠራውን ለመመዘን መስፈሪያዬ ስለሆነ ነው። ዳና ወደ ቤቷ አትሄድም። ከጥቂት ሰዓት በኋላ በአንድ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ በተከፈተ ተኩስ የቆሰሉ ሰዎች ወደ ሆስፒታሉ ይጎርፋሉ፤ ቁስለኞቹ እንደ ጉዳታቸው ክብደት በቀለም ይለያሉ፤ ዳናም ዓይኗ እንደጠቆረ አልጋ ታመቻቻለች፣ ሰው ትመድባለች። ነገር ግን ጧት ከነበረችው ዳና አንድ ነገር ጎድሏል። ከኋላዋ ሰው ሲያልፍ ትንሽ ትዘገያለች። ሰውን ስታባብል የምታወጣው ድምፅ ያው ነው፤ ዓይኗ ግን አብሮ አይሄድም። የመጀመሪያው ሲዝን መዝጊያ ላይ ዕቃዋን ስትሰበስብ ተመልሳ እንደምትመጣ እርሷም እኛም እርግጠኞች አይደለንም። ብዙ ተዋንያን ይህን ትዕይንት በእንባ ይሠሩት ነበር። ላናሳ የሠራችው ተረኛነቷን እንዳስረከበች ነርስ ነው፤ የሚረከባት ሰው ግን የለም።

ጉድለቶቹን ሳልናገር አላልፍም። የመጀመሪያው፣ ከዳና በቀር ያሉት ነርሶች በበቂ ሁኔታ አልተሣሉም። ፕሪንሰስና ፐርላ የተባሉት ሁለት ነርሶች በፊሊፒንስ በሚነገረው በታጋሎግ ቋንቋ እየተንሾካሾኩ ስለ ሐኪሞቹ ሲያወሩ እጅግ ያስቃሉ። እኛም አለቃ የማይገባው የራሳችን ወሬ አለንና ገብቶናል። ሆኖም ስለ ቤታቸው፣ ስለ ሌሊታቸው የምናውቀው ነገር ጥቂት ነው፤ ትናንት የመጡት ተማሪ ሐኪሞች ግን እያንዳንዳቸው የሕይወት ታሪክ ተሰጥቷቸዋል። ሁለተኛው፣ በዚህ ሆስፒታል የሚጻፍ ነገር እምብዛም አይታይም። የነርስ ቀን ግማሹ ጽሕፈት ነው፤ ያልተጻፈ ነገር አልተሠራም ይባላል። ሦስተኛው፣ አንድ ቀን ውስጥ የገባው ያልተለመደ ሕመም ብዛት ለማመን ያስቸግራል፤ እኔ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ካየሁት ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አንድ ነገር ደግሞ ጉድለት ነው ለማለት ባይቻልም እዚህ ቁጭ ብሎ ለሚያይ ሰው ይከብዳል። ጓንት በየደቂቃው ይለበሳል፣ ይወልቃል፣ ይጣላል። ያቺ ወጣት ነርስ ጓንት ሲጣል ባየች ቁጥር ከንፈሯን ትመጥ ነበር። ሲቲ ስካን ሲታዘዝ ውጤቱ በዚያው ሰዓት ይመጣል፤ ከቢቸና ወይም ከሞጣ በሽተኛ ሪፈር ጽፎ ወደ ባሕር ዳር የላከ ሰው ይህን ሲያይ ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም። የሚገርመው ግን፣ ያን ሁሉ ዕቃ ይዘውም አልጋ የላቸውም፤ ነርስ የላቸውም፤ ተራ ጠባቂው ከጧት እስከ ማታ ወንበር ላይ ይውላል። ድሪስኮልን ያስቆጣው ይኸው ነው።

ማን ይየው ለሚለው፣ በመጀመሪያ ደረጃ የነርሲንግ ተማሪዎች ቢያዩት እመክራለሁ። መርፌ አወጋግን ሳይሆን ክፍልን መምራት ምን እንደሆነ ይማሩበታል፤ ይህን ደግሞ በክፍል ውስጥ ትምህርት ማስተማር እጅግ አስቸጋሪ ነው። ሆስፒታል ለሚያስተዳድሩ ሰዎችም ቢያንስ 9ኛው ክፍል ይጠቅማል። ልጆች ባሉበት ግን አይከፈት፤ ቁስሉም ደሙም አይሸፈንም፤ ምጥና ወሊድም እንዳለ ይታያል። የጎረቤቴ ልጅ የወሊዱ ትዕይንት ሲመጣ ስልክ ተደውሎልኛል ብሎ ወጥቶ ነበር፤ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። የምግብ ሰዓት ላይ ማየትም አይመከርም፤ ነርሶች ካልሆናችሁ በስተቀር።

ትወናውን በተመለከተ የምሰጠው ውጤት ሙሉ ነው፤ ለድራማው ከ10 8 እሰጣለሁ፤ ለሱቁ ደግሞ ለዘጠነኛው ክፍል ቀንሼ፣ ለአስተራረሙ መልሼ 6 ሰጥቼዋለሁ። ሁለተኛው ሲዝን በፈረንጆች ጃንዋሪ 2026 መታየት ጀምሯል፤ ዳናም ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። ያንን ለማስጫን ወደዚያው ሱቅ ስሄድ ልጁ ገና ከሩቅ አይቶኝ «ማዘር፣ በዚህኛው እንኳ አልተሳሳትሁም» አለኝ። 9ኛውንና 10ኛውን እዚያው ከፍቼ፣ ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን አይቼ ነው የከፈልሁት።